እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ትኋንን ከመኝታ ቤት ማጥፋት፦ ዝርዝር መመሪያ

የጥር ሰርግ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል እንበል። አክስት ከጎንደር ይመጣሉ። የወንድም ልጆች ከውጭ ይገባሉ። እንግዳ የሚያርፍበት ክፍል ደግሞ አንሶላው ላይ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ነጥብ ይታይበት ጀምሯል። ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ ገበያ ወጥቶ ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ መድኃኒት ይገዛና ፍራሹ ላይ ያርከፈክፋል። ሁለቱም ነገሩን ያከፋሉ።

ትኋን በደንብ የሚጠፋው በሙቀት፣ አልጋን ከግድግዳና ከወለል በመነጠል፣ ከዚያም ሥራውን ደግሞ በመሥራት ነው። መድኃኒት ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሦስት ሳምንት ካላችሁ በቂ ጊዜ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ለቀራችሁም ማድረግ የምትችሉት አለ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ስለ እፍረቱ አንድ ነገር ልበል። ትኋን የሚፈልገው ደም ነው፤ ቆሻሻ አይበላም። በሻንጣ፣ ባገለገለ ሶፋ፣ ከዩኒቨርሲቲ ዶርም በተመለሰ ብርድ ልብስ ተሸሽጎ ንጹሕ ቤት ይገባል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) መኸር ላይ ፓሪስ ከተማ በትኋን ምክንያት የዓለም ዜና ሆና ነበር። የተዝረከረከ ቤት ችግሩ መደበቂያ ማብዛቱ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ፤ ልጆችም፣ የቤት ሠራተኛዋም። አንድ የማያውቅ ሰው ካለ ያሰራችሁትን ፌስታል ይፈታዋል፣ ብርድ ልብሱንም አንሥቶ ሳሎን ይወስደዋል።

ትኋን መሆኑን አረጋግጡ

ቁንጫም ትንኝም ይነክሳሉ። ቁንጫ ይዘላል፤ ብዙ ጊዜ የሚነክሰውም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው። ትኋን አይዘልም፣ አይበርም፣ በእግሩ ይሄዳል። ያደገው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የምስር ፍሬ ያህላል። ሳይበላ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው፤ ደም ሲጠግብ ያብጥና ይቀላል። ገና የተፈለፈለው በጣም ትንሽና ፈዛዛ ስለሆነ ለማየት ያስቸግራል። እንቁላሉ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ነጭ ሆኖ እንጨቱ ወይም ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ይገኛል።

በንክሻው ብቻ አትፍረዱ። ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው የእሷ ክንድ በእብጠት ይሞላል፣ እሱ «እኔንማ አይነካኝም» ይላል። ይነካዋል። የአንዳንዱ ሰው ቆዳ ምንም ምልክት አያሳይም፤ የአንዳንዱ ደግሞ ከተነከሰ ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ያብጣል። ስለዚህ አንድ ክፍል የሚተኛው ሰው «አላሳከከኝም» ስላለ ብቻ ክፍሉን ሳትፈትሹ እንዳታልፉት።

ለፍተሻው የስልክ መብራትና አንድ ያረጀ የባንክ ካርድ ይበቃሉ። ፍራሹን አቁሙና የስፌቱን ዳር በካርዱ ጫፍ እየገፋችሁ ዙሩት። የአራቱን ማዕዘን እጥፋት ግለጡ። ከዚያ የአልጋውን ርብራብ፣ ራስጌውንና ግርጌውን እዩ። የራስጌውን ብሎን በካቻቢቴ ስትፈቱ ቀዳዳው ውስጥ መብራት አብሩ። ትኋን ካለ ቀዳዳው ዙሪያ በእስክሪብቶ ቀለም የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ። ከአጠገቡ ብጫማ የተገፈፈ ቆዳ ይኖራል። ጠለቅ ብላችሁ ስታዩ ትኋኖቹ ራሳቸው ተደራርበው ተጣብቀዋል። ነጥቡን በእርጥብ ጥጥ ንኩት፤ ወደ ቡናማ ቀይ ከተሰራጨ የትኋን ኩስ ነው፣ ማለትም የተፈጨ ደም።

ከአልጋው እስከ ሁለት ሜትር ያለውን ሁሉ ፈትሹ። የኮመዲኖ መሳቢያ ሥር፣ የመጋረጃ እጥፋት፣ ከራስጌ በላይ የተሰቀለ ፎቶ ጀርባ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የዞኮሎ ክፍተት አይቅሩ። ሶፋ ላይ የሚያሸልብ ሰው ካለ ሶፋውንም ገልብጡት። የተገኘበትን ቦታ ወረቀት ላይ ጻፉ። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የምትሄዱት እዚያ ነው።

ለምን ሁለት ዙር?

ሴቷ በቀን ከአንድ እስከ አምስት እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር። ሞቅ ባለ ክፍል እንቁላሉ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ግን ብርድ ነው፤ በቀዘቀዘ ቤት ከሁለት ሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ያያችሁትን ሁሉ ብትገድሉም በየስንጥቁ የቀረው እንቁላል እንግዳው በገባ ሰሞን ይፈለፈላል ማለት ነው። በርካታ ሰው «ጠፍቶልኝ ነበር፣ ተመልሶ መጣ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ዛሬ ወይም ነገ ጀምሩ። ሁለተኛውን ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ድገሙት። እንግዳው ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ የመጨረሻ ፍተሻ አድርጉ። አዲስ የተፈለፈለው አድጎ እንቁላል ለመጣል ከአንድ ወር በላይ ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ዙር የሚያገኘው ገና ሳይወልድ ነው።

«ክፍሉን ዘግቼ ባስርበውስ?» የሚል ይኖራል። አይሆንም። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል፤ በብርድ ወቅት ደግሞ ይበልጥ ይታገሣል። ወይም በበሩ ሥር ወጥቶ ወደምትተኙበት ክፍል ይመጣል።

አንደኛ ሥራ፦ ዝውውሩን አቁሙ

ክፍሉ ውስጥ ያለ ጨርቅ ሳይታሸግ አይውጣ። ፍራሽ እየጎተቱ ኮሪደር ላይ ማሳለፍ፣ አንሶላ አቅፎ ሳሎን ውስጥ መቆም፣ ትራስ ወደ ልጆች ክፍል መውሰድ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ተነከስኩ ብሎ ሶፋ ላይ ሄዶ መተኛትም እንዲሁ። ትኋን በምንተነፍሰው አየርና በሰውነታችን ሙቀት እየተመራ ይከተላል። ሶፋ ላይ ሦስት ሌሊት ካደራችሁ ሶፋውም ሁለተኛ አልጋ ይሆንለታል።

የድሮ ጋዜጣ፣ ባዶ ካርቶን፣ አልጋ ሥር የተከማቸ ጫማ ይውጣ። የሚጣለውን እዚያው ክፍል ውስጥ በወፍራም ፌስታል አስራችሁ አውጡ። የሚቀመጠውንም እዚያው አሽጉ።

ሁለተኛ ሥራ፦ ልብስና ሙቀት

ይህ ከሁሉ የሚያዋጣው ሥራ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ትኋንም እንቁላሉም በ60 ዲግሪ ውኃ አይተርፉም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰው 60 ላይ አድርጎ ይጠብ። ማድረቂያ ያለው ከፍተኛ ሙቀት ላይ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያሽከርክር። ልብሱ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ሳይታጠብ ማድረቂያው ውስጥ ቢገባም ይሠራል።

ማሽን ከሌለ ባልዲና ሳፋ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለትኋን ከበቂ በላይ ነው። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ነጭ ጋቢ ሳፋ ውስጥ አድርጉና የፈላውን ውኃ ሁሉም ጨርቅ እስኪሰምጥ አፍስሱ። እጥፋት ውስጥ ደረቅ ቦታ እንዳይቀር በእንጨት እየገፋችሁ አጥልቁት። ሳፋው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ክዳን ወይም ፌስታል ጣል አድርጉበትና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ እንደወትሮው በኦሞ እጠቡ። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ።

አካሄዱም ቁም ነገር አለው። ጨርቁን አልጋው አጠገብ ፌስታል ውስጥ አስገቡና አስሩ። ይዛችሁ ሳፋው ዘንድ ሂዱ። ፌስታሉን ውኃው ላይ ገልብጡ። ያንን ፌስታል መልሳችሁ ለንጹሕ ልብስ አትጠቀሙበት። የደረቀው ልብስ በአዲስ ፌስታል ወይም ንጹሕ ማዳበሪያ ታስሮ ክፍሉ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። አጥቦ ያንኑ ቁም ሳጥን ውስጥ መመለስ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

የሐበሻ ቀሚስ በጥለቱ ቀለም ምክንያት የፈላ ውኃ አይችልም። ሱፍና ካፖርትም እንዲሁ። ለእነዚህ ፍሪዘር አለ። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ 4 ቀን ሙሉ አቆዩአቸው። የፍሪጅ የላይኛዋ ትንሽ የበረዶ ክፍል ብዙ ጊዜ እዚህ ብርድ አትደርስም። መብራት ከጠፋ ቀኑን እንደገና ቁጠሩ። ሌላው አማራጭ ካውያ ነው። ስፌቱንና የአንገትጌውን እጥፋት በእርጥብ ጨርቅ ላይ በእንፋሎት ቀስ እያላችሁ ተኩሱት።

ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ነው። ማናፈሱ መልካም ነው፤ በትኋን ላይ ግን አትመኩበት። ትኋን ከሚሞቀው ጎን ወደ ጥላው ይሸሻል፤ የፍራሹ ውስጥም ለመግደል በሚበቃ ደረጃ አይሞቅም። ግቢው የጋራ ከሆነ ደግሞ ለጎረቤት ማካፈል ይሆናል።

ሦስተኛ ሥራ፦ አልጋውን መፍታት

አልጋው ሳይፈታ የሚሠራ ሥራ ግማሽ ሥራ ነው። በካቻቢቴና በመፍቻ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ብሎኖቹን ኩባያ ውስጥ አድርጉና የፈላ ውኃ አፍስሱባቸው። ርብራቡን፣ የጎኑን እንጨትና እግሮቹን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፤ ከሥር የሳሙና ውኃ ያለበት ሳፋ አስቀምጡ፣ የሚወድቀው እዚያ ይገባል። እንቁላል የተጣበቀበትን በካርዱ ፋቁት።

የብረት አልጋ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ውጭ አውጡና መገጣጠሚያውን ሁሉ በፈላ ውኃ ማንቆርቆሪያ ቀስ ብላችሁ አጠጡት። የብረቱ ቱቦ ጫፍ ክፍት ከሆነ ውስጡንም አጠጡ፤ ደርቆ ሲያልቅ አፉን በስኮች ዝጉት። ጥሩ የጣውላ አልጋም የፈላ ውኃ ይችላል፤ ግን እንዳይጣመም ጥላ ሥር ይድረቅ። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ግን ውኃ ካገኘ አብጦ ይፈራርሳል። ለእነዚህ የእንፋሎት ማሽን ወይም እንፋሎት የሚተፋ ካውያ ተጠቀሙ። እንፋሎቱን በየስንጥቁ ላይ እጅግ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ቸኩሎ ያለፈ እንፋሎት ላዩን ብቻ ነው የሚያሞቀው፤ ጠንከር ብሎ የሚነፋ ደግሞ ትኋኑን በሕይወቱ ወደ ሌላ ጥግ ይበትነዋል።

ወደ ፍራሹ ስንመጣ፣ ስፖንጅ ፍራሽ በውኃ አይነከርም፣ አይደርቅላችሁም። ስፌቱን በብሩሽ ወይም በቫኪዩም አጽዱ። ቫኪዩሙ ከረጢት ካለው ከረጢቱን ወዲያው አውጥታችሁ አስራችሁ ጣሉ፤ ከረጢት ከሌለው ቆሻሻውን ፌስታል ውስጥ ገልብጡና ማጠራቀሚያውን በፈላ ውኃ እጠቡ። ከዚያ ፍራሹን ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ዚፕ ያለው ሙሉ ሽፋን ከተገኘ ይሻላል። ካልተገኘ ፍራሹ ሲገዛ የመጣበት ወፍራም ላስቲክ ይሠራል፤ መገጣጠሚያውን በሰፊ ስኮች ሁለት ጊዜ አሽጉት። ውስጥ የቀረው ትኋን መውጫ ያጣል፣ ውሎ አድሮ በረሀብ ይሞታል። ሽፋኑ አንድ ዓመት ያህል አይከፈት። ላስቲኩ ስለሚንኮሻኮሽና ስለሚያልብ በላዩ ወፈር ያለ አንሶላ አንጥፉ። ላስቲክ በሕፃን አልጋ ላይ አታድርጉ፤ የመታፈን አደጋ አለው።

የጥጥ ፍራሽ የባሰ ነው። ጥጡ መሀል ከገቡ በብሩሽ አታገኟቸውም። በጣም የተወረረ ከሆነ መጣሉ ይሻላል። ስትጥሉት ግን የፍራሹን ጨርቅ ቀዳችሁ በላስቲክ አሽጋችሁ ጣሉት። ደጃፍ ላይ በሙሉ አካሉ የቆመ ፍራሽ በሰዓታት ውስጥ ሌላ ሰው ቤት ይገባል። «ትኋን አለበት» ብሎ ላዩ ላይ መጻፍም ደግ ሥራ ነው።

ሶፋ ካለ፣ ከሥሩ የተወጠረችውን ስስ ጥቁር ጨርቅ አንሡና ውስጡን እዩ። ቤት ድረስ መጥተው ሶፋና ምንጣፍ የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። ስትጠሯቸው ማሽናቸው ትኩስ እንፋሎት የሚሰጥ መሆኑን ጠይቁ። በቀዝቃዛ የሳሙና ውኃ የታጠበ ሶፋ ይጸዳል፤ ትኋኑ ግን እዚያው ነው።

ግድግዳው

የአልጋው ሥራ ካለቀ ግድግዳው ቀላል ነው፣ ካረጀ ጭቃ ቤት በስተቀር። በብሎኬት ቤት የዞኮሎውን ክፍተትና የተሰነጠቀ ልስን በስቱኮ ድፈኑ። ሶኬት ስትፈትሹ ብሬከሩን አጥፉ፤ ውኃም እንፋሎትም ወደ ሶኬት አይቅረብ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የውኃና የመብራት ቱቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከጎረቤት ጋር ያገናኛል፤ ዙሪያውን ድፈኑት።

በጭቃ ቤት ምርጊቱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ሁሉ መኖሪያ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣና የጨርቅ ኮርኒስም እንዲሁ። የላላውን ጋዜጣ ልጡና አሽጋችሁ አቃጥሉ ወይም ጣሉ። ስንጥቁን ከአልጋው ከፍታ ጀምሮ በጭቃ ወይም በጄሶ ሙሉ። ግድግዳ የምትጋሩ ጎረቤቶች ካሉ ንገሯቸው። እናንተ ብቻ ስትሠሩ ወደ እነሱ ይሸሻል፣ ሲረጋጋ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ተነጋግሮ አብሮ መሥራት ለሁለቱም ቤት ይቀላል።

አልጋውን ደሴት ማድረግ

አልጋው ተገጣጥሞ ሲመለስ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። አንሶላና ብርድ ልብስ ወለል አይንካ። መጋረጃ አልጋውን አይንካ። አጎበር ካለ ጫፉ ፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ፤ ወለል ላይ የተንጠለጠለ አጎበር መሰላል ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን የአልጋ እግር ጎኑ ለስላሳ በሆነ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሙ። ትኋን ለስላሳ ፕላስቲክ መውጣት አይችልም። ከሥር ትንሽ ውኃና ጥቂት ኦሞ ጨምሩ፤ የወደቀው ይሰምጣል። የእንጨት እግር ውኃ እንዳይጠጣ መጀመሪያ በላስቲክ ጠቅልሉት። ሳህኑ አቧራ ከያዘ ወይም ከተጫጫረ ይወጡበታልና አጥባችሁ መልሱ። አንዳንድ ሰው ውኃውን ትቶ ነጭ ጋዝ ያደርጋል። ሽታው ያሳምማል፣ አንድ ክብሪት ደግሞ ቤት ያቃጥላል።

ሳህኖቹ መረጃ ይሰጧችኋል። በየጠዋቱ እዩአቸው። የሚገኘው ቁጥር ሲቀንስ ሥራው እየሠራ ነው። በአንደኛው እግር ብቻ የሚገኝ ከሆነ በዚያ በኩል ያለውን ግድግዳ ወይም ኮመዲኖ እንደገና ፈትሹ።

እስከ እንግዳው መምጫ አልጋው ላይ ሰው ይተኛበት። የሚተኛ ከሌለ ትኋኑ ከስንጥቁ አይወጣም፣ ሳህኑም ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሳህን አይታችሁ ጠፍቷል ትላላችሁ። ተኝቶበት ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው ደስ የሚለው።

ስለ መድኃኒት በግልጽ

ትኋን መድኃኒት መልመድ ከጀመረ ቆይቷል። ዲዲቲን የተቋቋሙ ትኋኖች በ1947 (እ.ኤ.አ.) ሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር ውስጥ ተገኝተዋል። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ፍሊት አብዛኛው ፓይሪትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ብዙ ቦታ ያሉ ትኋኖች እሱንም ለምደዋል። ክፍሉን በፍሊት ጭስ መሙላት የነካቸውን ጥቂቶች ይገድላል፤ የቀሩትን ወደ ጥልቅ ስንጥቅና ወደ ጎረቤት ክፍል ይበትናል።

ማላታይን እየተባለ በየገበያው ተቀድቶ የሚሸጠው የእርሻ መድኃኒት ነው። ሰው የሚተኛበት ፍራሽ ላይ መርጨት በቆዳም በትንፋሽም መርዙን መውሰድ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒን ነው፤ ፎስቶክሲን የሚባለው ዓይነት። የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ማርከሻ የለውም። በስንጥቅ አልፎ ጎረቤት የተኛ ሕፃን ዘንድ ይደርሳል። እባካችሁ፣ ማንም ቢመክራችሁ መኖሪያ ቤት እንዳታስገቡት። ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን ለማሞቅ መዝጋትም እንዲሁ ገዳይ ነው። አልኮል መርጨት የነካውን ብቻ ይገድላል፤ የረጠበ ፍራሽ ደግሞ በቀላሉ እሳት ይይዛል። የወይራና የባሕር ዛፍ ጭስ ለሽታው ደስ ይላል፤ ትኋኑን ያጠፋል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ወረራው ከአንድ ክፍል አልፎ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ መድኃኒቱ ለመኖሪያ ቤት ውስጥ የተፈቀደ ነው ወይ? ስንት ጊዜ ትመጣለህ? ከተረጨ በኋላ መቼ እንግባ? የመድኃኒቱን መያዣ ሊያሳያችሁ የማይፈልግ ሰው ይቅር። በአንድ ቀን ጨርሼ እሄዳለሁ የሚልም የእንቁላሉን ነገር ረስቶታል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የአስም ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ካለ ሳይጀምር ንገሩት።

ሁለት ቀን ብቻ ከቀረስ?

ሁሉንም ለመሥራት አትሞክሩ። አንድ ክፍልና አንድ አልጋ ምረጡ፤ ትንሽ ዕቃ ያለበትን፣ ቢቻል የብረት አልጋ ያለበትን። ያንን አልጋ ፍቱ፣ በፈላ ውኃ አጠጡ፣ ፍራሹን አሽጉ፣ እግሩን ሳህን ውስጥ አቁሙ፣ አንሶላውን ቀቅሉ። አንድ ሙሉ ቀን ይበቃችኋል። የቀረው ቤት እንግዳው ከሄደ በኋላ ይሠራል።

ፍተሻው ግን በየክፍሉ ብዙ ትኋን ካሳያችሁ እንግዳውን ቤት አታሳድሩ። ዘመድ ቤት ወይም ፔንሲዮን ይረፉ፤ ምሳና እራት፣ ቡናውም እናንተ ጋ ይሁን። ያለ እነሱ ፈቃድ ሻንጣቸው ውስጥ ትኋን አስገብቶ መሸኘት ነውሩ ይበልጣል።

መንገር የከበደው ሰው ለአክስቱ እንዲህ ሊላቸው ይችላል፦ «እትዬ፣ የሚያርፉበት ክፍል ትኋን ታይቶበት ነበር። አልጋውን ፈተን በፈላ ውኃ ሠርተነዋል፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አላየንም። ሳይነግረኝ ቀረ እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ሻንጣዎን ጠረጴዛው ላይ እናድርገው። የሚያሳክክዎት ነገር ካለ ጠዋቱኑ ይንገሩኝ፣ እሺ?» ብዙዎቹ ትልልቅ ሰዎች ትኋንን በደንብ ያውቁታል፤ ከእናንተ ይልቅ ቀለል አድርገው ነው የሚሰሙት። ለእኩያ ደግሞ አጭር ይበቃል፦ «ስማ፣ ትኋን ነበረብን፣ ሠርተነዋል፣ ሻንጣህን አልጋው ላይ አታድርግ።» ትኋን በንክሻው በሽታ እንደማያስተላልፍም ንገሯቸው፤ ችግሩ ማሳከኩና እንቅልፍ መንሣቱ ነው።

እንግዳው ሲገባና ሲወጣ

ሻንጣ አልጋ ላይና አልጋ ሥር አይቀመጥ። ከአልጋው ራቅ ያለ ጠረጴዛ ወይም የፕላስቲክ ወንበር ይዘጋጅ፤ አጠገቡም ሻንጣውን የሚውጥ ትልቅ ፌስታል። ለብሰው ያወለቁትን ልብስ ለየብቻ የሚያስሩበት ፌስታል ስጧቸው። ይህ ለእናንተም ይጠቅማል፤ በጉዞ ላይ ከነበረ ሻንጣ ጋር አዲስ ትኋን ሊመጣ ይችላልና።

ሲሄዱ ቤታቸው ደርሰው ሻንጣውን መኝታ ቤት ሳያስገቡ እንዲከፍቱት፣ ልብሱንም ወዲያው በሙቅ ውኃ እንዲያጥቡት ንገሯቸው። እናንተ ደግሞ በዚያው ቀን አንሶላውን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ወደ ፈላ ውኃ ውሰዱ፤ የፍራሹን ሽፋን ዚፕና ስኮች እዩ፣ የራስጌውን ብሎን ፈትታችሁ ቀዳዳውን በመብራት ተመልከቱ። ሳህኖቹ እግሩ ሥር ይቆዩ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ውኃቸውን ቀይሩ። ሰው እየተኛበት ሁለት ወር ሙሉ ምንም ካልወደቀባቸውና አንሶላው ላይ አዲስ ነጥብ ካልታየ ሳህኖቹን ማንሣት ትችላላችሁ። አንድም ብትሆን ከተገኘች ግን ሁለተኛውን ዙር እንደገና ጀምሩት፣ ከተገኘችበት እግር በኩል።